የሚሊሜትር ሳጥን

ጋሽ ሚሊሜትር ያን ዕለት ጠዋት የተነሱት የሚሰድቡት ሰው እየፈለጉ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፊታቸውን ሳይታጠቡ የሚቆጡበት ነገር ማግኘት ልማዳቸው ሆኗል። አንድ ቀን የጎረቤት አጥር አራት ጣት ወደ መንገድ ወጥቷል ብለው ነው፤ ሌላ ቀን ደግሞ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ የግድግዳውን ሰዓት አጣማ ሰቅላዋለች ብለው። የዛሬው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ዛሬ ስድቡ በጽሑፍ የመጣው ለእሳቸው ነው።

"ጋሼ፣ መልእክት መጥቶልዎታል" አለች የእህታቸው ልጅ። ስልኩን አቀበለቻቸውና ለመሸሽ እንዲያመቻት በሩ አጠገብ ቆመች።

መልእክቱ ከሳጥን ፍለጋው ጨዋታ አዘጋጅ የመጣ ነው፣ አጭር ነው። "ውድ ሚሊሜትር፤ የደበቁትን ሳጥን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አላገኘውም። በሠላሳ ቀን ውስጥ ቦታው ድረስ ሄደው መኖሩን ካላረጋገጡ ገጹ ይሰረዛል።"

"ካላረጋገጡ!" ብለው ጮኹ። "እኔን ነው 'አረጋግጥ' የሚለኝ፣ ይሄ ጡት ያልጣለ?"

"ጋሼ፣ ምናልባት ቁጥሩ…"

"ቁጥሩ ምን?"

ልጅቷ ዋጥ አደረገችው። ባለፈው ዓመት "ቁጥሩ ተሳስቶ ይሆን?" ብላ በመጠየቋ ሦስት ቀን አኩርፈዋታል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ደብተር ያስቀምጥና አንድ ቦታ ይደብቀዋል። ከዚያ ሳጥኑ ያለበትን ቦታ በካርታ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ስልኩን ይዞ፣ ቁጥሩን እየተከተለ ይሄዳል። ሳጥኑን ካገኘ ደብተሩ ላይ ስሙን ይጽፍና መልሶ እዚያው ይሸጉጠዋል። ሽልማት የለው፣ ዋንጫ የለው። ደግሞ የሚጫወቱት ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

አብዛኛው ሳጥን ሳምንት አይቆይም፣ ይገኛል። አንዳንዱ ግን ተራራ ጫፍ ላይ ወይም ሐይቅ መሃል ስለሆነ ለዓመታት ሰው ሳይነካው ይኖራል። የጋሽ ሚሊሜትር ሳጥን ያለው ግን ተራራ ላይም ሐይቅ ውስጥም አይደለም። ከከተማው ዳር፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ያለች ኮረብታ ላይ ነው፤ አሮጊት እንኳ ሻይዋ ሳይበርድ ደርሳ የምትመለስባት። ሆኖም ገጹ ላይ አርባ ሦስት ሰው "ፈልጌ አጣሁት" ብሎ ጽፏል፣ ጋሽ ሚሊሜትርም ለአርባ ሦስቱም መልስ ሰጥተዋል። "በዓይንህ ፈልግ እንጂ በጫማህ አትፈልግ።" "የሰጠሁሽ ቁጥር ነው፣ እንቆቅልሽ አይደለም።" "ለመሆኑ ማታ ቤትህን ታገኘዋለህ?"

ሚሊሜትር የሚለውን ስም ያወጡላቸው የካርታ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ቀያሽ ነበሩ። "ሴንቲሜትር ለልብስ ሰፊ ነው" ይሉ ነበር። ወጣት ቀያሾች ልኬት ይዘውላቸው ከመግባታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ይደግሙት ነበር አሉ። ዕድሜያቸውን አክብረን አንቱ እንበላቸው እንጂ፣ ሥራቸው ቢታይስ "አንተ" መባልም ይበዛባቸዋል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ይኸውና።

ቀያሽ ብቻውን አይሠራም። እሱ በባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ አጮልቆ ሲያይ፣ ማዶ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው አለ። ዘንጉ ካዘነበለ ንባቡ ይሳሳታል። ስለዚህ የዘንግ ያዥ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ቀጥ ማለት። የጋሽ ሚሊሜትርን ዘንግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘው አንድ ሰው ነው። በፀሐይ፣ በዝናብ፣ ጉልበት በሚውጥ ጭቃ ውስጥ "ቀጥ! ቀጥ በል!" እየተባለ ሲጮህበት ኖሮ፣ ስሙም ቀጤ ሆኖ ቀረ። የገዛ ሚስቱ ሳትቀር ቀጤ ነው የምትለው።

የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ሁለቱ ለአንድ ሰፈር የፍሳሽ መስመር ለኩ። ቱቦው ተቀበረ፣ አፈር ለበሰ። ሳምንት ሳይሞላው ቆሻሻው ውኃ ቁልቁል መሄዱን ትቶ ወደ ኋላ ተመለሰና ሰው ቤት ገባ። ቢጣራ የአርባ ሴንቲሜትር ስህተት ተገኘ። ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ሚሊሜትር ከስብሰባው በፊት ቢሯቸውን ዘግተው የመስክ ደብተራቸውን ገለጡ። ሜዳ ላይ አንድ ነጥብ አራት ሦስት ብለው የጻፉትን፣ ወደ ንጹሑ ደብተር ሲገለብጡ አንድ ነጥብ ስምንት ሦስት አድርገውታል። የገዛ እጃቸውን አራት፣ ስምንት ብለው አንብበውታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ይሳሳታል። ቢናገሩ ኖሮ ሁለት ሳምንት ይሳቅባቸውና ይረሳ ነበር።

ነገር ግን የክፍል ኃላፊነቱ ሹመት ደጃፋቸው ደርሶ ነበር። አርባ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ብድግ ብለው "ምናልባት ዘንጉ ቀጥ ብሎ አልቆመም ይሆናል" አሉ። ይህቺን "ምናልባት" የምትል ቃል እስከ ዛሬ እጠላታለሁ። ገዳይ ናት፣ ግን እጇን ታጥባ ነው የምትሄደው። አለቃው ስሌት የሚወድ ሰው ነበርና ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ "አርባ ሴንቲሜትር የሚያሳስት ዘንግ እኮ ሊወድቅ የደረሰ ዘንግ ነው! እንደዚያ አዘንብሎ የሚይዝ የሰከረ ብቻ ነው" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ቀጤ ተነስቶ "እኔ? እኔ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም!" አለና ጋሽ ሚሊሜትርን አያቸው። እሳቸው የጫማቸውን ክር አዩ።

ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። የነገሯቸው ሰዎች ዋሽተዋቸዋል። ቀጤ በሳምንቱ "በሥራ ሰዓት ሰክሮ በመገኘቱ" የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶት ተባረረ። ጋሽ ሚሊሜትር በወሩ ተሾሙ፤ ዝምታቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲነቅዝ ኖረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሳቸው ግን ወግተውም አልረሱም፤ ይህን እንኳ አንንፈጋቸው። ጡረታ በወጡ ሰሞን የእህታቸው ልጅ ከቤት ይውጡልኝ ብላ ይህን ጨዋታ ስታሳያቸው፣ ዓይናቸው የከተማው አንደኛ ፈላጊ ስም ላይ አረፈ። "ቀጥ ያለው" ይላል። ቢጠይቁ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነው፣ በእረፍት ቀኑ ሳጥን ይፈልጋል፣ ያላገኘው ሳጥን የለም አሏቸው። ቀጤ መሆኑን አወቁ።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፉ። አራቱንም ስምንቱንም፣ ጫማቸውን ማየታቸውንም ጻፉት። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልለው ውኃ የማያስገባ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከደብተሩ ሥር አኖሩትና፣ ኮረብታው ላይ ካለው የድሮ የቅየሳ ምልክት ድንጋይ ሥር ሸጎጡት። የቀጤን ቤት ማንኳኳት አላሰቡም ማለት አይቻልም። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄደው ተመልሰዋል። ቀጤ ሁሉን ያገኛል፣ ይህንንም ያገኘዋል፣ አንብቦ ይቅር ይላል፣ ዓይን ለዓይን መተያየትም አያስፈልግም አሉ። የፈሪ ዘዴ ነው።

ቀጤ ግን አላገኘውም። ይባስ ብሎ እንደ ሌላው "አጣሁት" ብሎ እንኳ አልጻፈም። የሌላውን ሰው ሳጥን እንደ እንጉዳይ እየለቀመ የእሳቸውን ዘሎ አለፈው። መጀመሪያ አዘኑ። ቀጥሎ ተቀየሙ። በሦስተኛው ዓመት ቆሽታቸው አረረ። እንግዲህ አስቡት፣ በዳዩም እሳቸው፣ ተናዳጁም እሳቸው! "ንቆኝ ነው" ይላሉ ብቻቸውን ሲሆኑ። "ይቅርታዬን ሊቀበል አልፈለገም፣ ትዕቢተኛ!" ቀጤ ይቅርታ እንደተጠየቀ በምን ይወቅ? ይህ ለእሳቸው ጥያቄ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሠላሳ ቀን ቀረ። ገጹ ከተሰረዘ ቀጤም ሆነ ማንም ወደዚያ ኮረብታ አይመጣም። ደብዳቤውም እዚያው ይቀራል፣ እሳቸውም እንደተሸከሙት ይሞታሉ። ይህን ሲያስቡ ፈሩ፤ ፍርሃት ሲይዛቸው ደግሞ መቆጣት ይቀናቸዋል። ጫማቸውን አጥልቀው፣ በሩን አላትመው ወጡ።

ሳጥኑ እንደተቀመጠ ነው። ድንጋዩን ፈንቀል ሲያደርጉት ቆርቆሮው ዝገት እንኳ አልነካውም። ደብተሩ ነጭ ነው፣ ደብዳቤውም ደረቅ። ከከተማው በሩብ ሰዓት የሚደረስበት ቦታ ላይ፣ በግልጽ ቁጥር፣ አሥራ አንድ ዓመት!

"ዕውር ሁላ!" አሉ ለኮረብታው። "ካልፈለጋችሁ ይቅር! ድሮም ለእናንተ አልነበረም።" ሳጥኑን ብብታቸው ሥር ወሽቀው በንዴት ቁልቁል ወረዱ። ንዴቱ መንገድ አሳታቸውና በመጡበት ሳይሆን በወዲያኛው በኩል ወረዱ፤ የጡብ ፋብሪካው ስብርባሪ በሚደፋበት በኩል።

ስብርባሪው መሃል አንድ ሰው ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። በብረት መቆንጠጫ ጡብ ያነሳል፣ ከሥሩ ያያል፣ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ያየውን ጡብ እንደ ግንብ ደርድሮት ወገቡ ድረስ ደርሷል። አንገቱ ላይ ስልክ አንጠልጥሏል። ቀና ሲል ጋሽ ሚሊሜትር አቋሙን አወቁት። ያን አቋም አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመሣሪያ አይተውታል።

"አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?" አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም።

ቀጤ ዞረ። እሱም ሰላም አላለም። "ሳጥንህን እየፈለግኩ ነው" አለ።

በሥራ ዘመኑ ሁሉ "እርስዎ" ሲላቸው የኖረ ሰው ነው። "ሳጥንህን" የሚለው ቃል እንደ ጥፊ አረፈባቸው።

"እዚህ? እዚህ ቆሻሻ ውስጥ? ጤና የለህም እንዴ?"

"ቁጥሩ እዚህ ነው የሚለው።" ስልኩን ከአንገቱ አውልቆ አሳያቸው። ቀዩዋ ነጥብ ጡቡ ክምር ላይ ቁጭ ብላለች። "ሠላሳ ስምንት ጊዜ መጥቻለሁ። እዚህ ያለውን ጡብ ሁሉ በእጄ ነው ያገላበጥኩት። አገላብጬ ስጨርስ ደግሞ መኪናው ይመጣና ሌላ ይደፋበታል። ሌሎቹ ፈላጊዎች 'ቁጥሩ ስህተት ነው፣ ተወው' አሉኝ። ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ? 'ሰውየው ተሳዳቢ ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩ ግን አይሳሳትም' ነው ያልኳቸው።"

"ታዲያ ለምን አጣሁት ብለህ አልጻፍክም?"

"እንድትሰድበኝ? ለሌሎቹ የመለስክላቸውን አንብቤአለሁ እኮ!"

ጋሽ ሚሊሜትር ሳጥኑን ከብብታቸው አውጥተው ዓይኑ ሥር ነቀነቁት። "ይኸው! እላይ ነው የነበረው፣ ምልክቱ ድንጋይ ሥር! አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ነው የነበረው!"

ቀጤ ሳጥኑን አየ። ኮረብታውን አየ። ስልኩን አየ። "ከዚህ እስከዚያ ሁለት መቶ ምናምን ሜትር ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ቁጥሩን ከየት ነው ያመጣኸው?"

"ከየት ላመጣው ኖሯል? ከመሥሪያ ቤታችን አረንጓዴ መዝገብ ነዋ! የእያንዳንዱ ምልክት ድንጋይ ቁጥር እስከ ሚሊሜትሩ ተጽፎ የለም እንዴ?"

ቀጤ ጡቡ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"አረንጓዴው መዝገብ" አለ፣ "የድሮው ስሌት ነው።"

ይህን ለማስረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የድሮው ካርታ ምድርን የሚለካበት መነሻ አንድ ነው፣ የሳተላይቱ ሌላ ነው። ያው ድንጋይ በሁለቱ ስሌት ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። የአንዱን ቁጥር ለሌላው ከሰጡት ድንጋዩ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ተሰዶ ያርፋል። መቀየሪያ ሰንጠረዥ አለው። ያን ሰንጠረዥ ለወጣት ቀያሾች እየተቆጡ ያስተማሩት ደግሞ ጋሽ ሚሊሜትር ራሳቸው ናቸው። ተራ ሰው ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ስልኩ ያሳየውን ቁጥር ይገለብጥ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን "መጫወቻ" ብለው ናቁት። ይህን ስህተት ለመሳሳት ሠላሳ አራት ዓመት ቀያሽ መሆን ያስፈልጋል።

ዙሪያቸውን ቢያዩ የሚሰድቡት ሰው አጡ። 

"ምን አለው ውስጡ?" አለ ቀጤ።

ሳጥኑን ከፍተው ደብዳቤውን ዘረጉለት። "ላንተ ነው። የፍሳሹ ነገር… ዘንጉ ቀጥ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ። አራቱን ስምንት ብዬ ገለበጥኩት።"

ቀጤ ደብዳቤውን አልተቀበለም። "መቼ ነው ያወቅከው?"

"እ… ከስብሰባው በፊት።"

"ከስብሰባው በፊት!" መቆንጠጫውን የደረደረው ጡብ ላይ ወረወረውና ተነሳ። "እኔ ደግሞ ሳታውቅ ነው ስል ኖርኩ! ሚሊሜትር አውቆ አይዋሽም ስል! አልጠጣሁም፣ ግን ምናልባት ደክሞኝ፣ ምናልባት ዘንጉ አዘንብሎብኝ ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን እንደመረመርኩ ታውቃለህ? በር ላይ ቆሜ መኪና ስቆጥር፣ እጄን እያየሁ፣ 'ይሄ እጅ ነው የከዳኝ?' ስል! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ ንጋት ሃያ ሦስት ዓመት ይፈጃል?"

"ጻፍኩት እኮ። አሥራ አንድ ዓመት ነው የጠበቅኩህ። አንተ ስትቀር…"

"እኔ ስቀር!" ቀጤ ቀረባቸው። ድምፁ ዝቅ አለ፣ ዝቅ ሲልም የባሰ ሆነ። "ስሜን ያጠፋኸው አርባ ሰው ፊት ነው። ይቅርታህን የቀበርከው ድንጋይ ሥር ነው። ማን እንዲሰማልህ? ጉንዳን?"

ጋሽ ሚሊሜትር ደብዳቤውን እንደዘረጉ ነበሩ። "አንብበው" አሉ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ።

"አላነበውም። እኔ እንዳልሰከርኩ አውቃለሁ። ይሄን መስማት ያለባት ሌላ ሰው ናት። ና ቅደም።"

የቀጤ ቤት አንድ ክፍል ከጓዳ ነው። መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪና አለ። አልጋው ላይ አንገትጌአቸው ያልተሰፋ የተማሪ ሸሚዞች ተቆልለዋል። ሚስቱ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ጨርቅ እያስተካከለች ነበር። ጋሽ ሚሊሜትርን ስታይ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገች።

"እርስዎ?" አለች። ተነሳች፣ ወንበር ግን አልሳበችም።

"ያንብብልሽ" አላት ቀጤ፣ በሩን ዘግቶ።

አነበቡ።  "ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ጠማማው እኔ ነኝ" የሚለውን አጣድፈው አለፉት። ሲጨርሱ ሴትየዋ "ይድገሙት" አለች። ደገሙት። በሁለተኛው ላይ አልተጣደፉም፣ እንደ ቁጥር ነው ያነበቡት፤ እንዲያ ሲነበብ ደግሞ የባሰ ነበር።

"ጠጥተህ አልነበረም" አለች ሴትየዋ ወደ ባሏ ዞራ።

"ነግሬሽ ነበር እኮ።"

"ነግረኸኛል።" መርፌ ቁልፎቹን መኪናው ጠረጴዛ ላይ አፈሰሰቻቸው። መዳፏ ተወግቶ ደም ነቁጥ ነቁጥ ብሎበታል። "እኔ ግን 'ለሚሊሜትር የሚጨነቅ ሰው እንዴት ብሎ ይዋሻል' አልኩ። እርስዎን አምኜ ባሌን ጠረጠርኩ፣ አቶ ሚሊሜትር።"

"ይቅርታ… እኔ…"

"ቆይ ልጨርስ!" ጮኸች። ስትጮህ የሸሚዙ ክምር ከአልጋው ላይ ተንሸራተተ፣ ማንም አላነሳውም። "ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ በገባ ቁጥር እዚህ በር ላይ አቁሜ አፉን አሽትቼዋለሁ። ልጆቹ እያዩ! ትናንትም አሽትቼዋለሁ። አንድም ቀን ሸቶኝ አያውቅም፣ ግን አላመንኩም፣ 'ብልጥ ነው፣ አጥቦት ነው' እል ነበር። እርስዎስ ለጥፋትዎ ሳጥን አገኙለት። እኔ ይሄን የት ልቅበረው?"

ቀጤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሽ ሚሊሜትር ወረቀቱን በቀድሞ እጥፋቱ አጥፈው ወደ ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ ሴትየዋ እጇን ዘረጋች።

"እሱን ለእኔ ይተዉትና ይሂዱ" አለች። "ነገ መሥሪያ ቤትዎ ይዤው እሄዳለሁ። አርባ ሰዎቹ ከሞቱም ለልጆቻቸው አነብላቸዋለሁ።"

ሰጧትና ወጡ።